የክሬሙ ኮት እጅጌ

አክስቴን አልወዳትም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ታሪኩ ሲያልቅ ሆዱ የሚባባ አይጠፋምና ኋላ "አታለለችን" እንዳልባል። ውለታ የዋለ ሰው ሁሉ ይወደዳል ያለው ማነው? ምላሷ ጦር ነበር። ስትስቅ ያየኋት ጥርሶቿን በሰው ሠራሽ ካስቀየረች በኋላ ነው፤ እሱንም ሐኪሙ "አፍሽን ክፈቺ" ብሏት ይሆናል።

የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሰፈሩ "እትዬ እንፋሎት" ይላት ነበር። የሙሽራ ልብስ ለሚያከራይ ሱቅ በቤቷ ትሠራለች፤ በየሠርጉ ተለብሶ፣ ተጨፍሮበት፣ ተጨማድዶ የሚመጣውን ቬሎና ሙሉ ልብስ በእንፋሎት አቃንታ ትመልሳለች። ፊተኛው ክፍሏ ውስጥ ሰው ከሚቀመጥበት ይልቅ ልብስ የሚሰቀልበት ይበዛል። ከግድግዳ ግድግዳ በተዘረጋው ብረት ላይ ቬሎዎች ተደርድረዋል። መሐል ላይ ማሽኑ ቆሟል፦ ከሥር ጎማ ያለው የውሃ ገንዳ፣ ከገንዳው የሚነሣ ዘንግ፣ ከዘንጉ ጎን የተንጠለጠለ ወፍራም ቱቦ፣ በቱቦው ጫፍ የሻወር ራስ የሚመስል አፍ። ሲሞቅ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ቀጥሎ ያስላል፣ ከዚያ "እሽሽ" እያለ ነጭ እንፋሎት ይተፋል። መስኮቱን ቀኑን ሙሉ ያልበዋል። ልብሱ ሲሞቅ ተኝቶ የነበረው ሽታ ሁሉ ይነሣል፦ የማላውቃቸው ሴቶች ሽቶ፣ የማላውቃቸው ወንዶች ላብና ሲጋራ።

ሥራዋ ሕግ ነበረው። ልብሱን ትሰቅላለች። ወደ ብርሃን አዙራ በዓይኗም በጣቷም ትፈትሻለች። እንፋሎቱ ውሃ መትፋቱን ትቶ እስኪጠራ ድረስ ጨርቅ አታስጠጋም። ከዚያ በግራ እጇ የልብሱን ጫፍ ወጠር አድርጋ፣ በቀኝ እጇ የማሽኑን አፍ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለች ታወርደዋለች፤ ስስ ጨርቅ ከሆነ ገልብጣ በውስጥ በኩል። ሽብሽቡ እየለቀቀ ጨርቁ ራሱን ሲዘረጋ ማየት ደስ ይላል። እሷ ግን ደስ ሲላት አላየሁም።

እድፍ ያለበትን ልብስ በእንፋሎት አትነካም። አንዴ ከሱቁ የተላከች ልጅ ኮሌታው ላይ የከንፈር ቀለም የነካው ሸሚዝ ብታመጣ መልሳ ደረቷ ላይ ወረወረችባት። "እንፋሎት እድፍ አያወጣም፣ ያጋግራል!" አለቻት። "መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ይምጣ። ሙቀት ካገኘው ወዲያ ሳሙና ቢሉ፣ ምን ቢሉ፣ ጨርቁ እስካለ እድፉ አለ።" ልጅቷ እያለቀሰች ሄደች። እኔ ያን ቃል እንደ መዝሙር ሸመደድኩት፤ ለምን እንደሚጠቅመኝ ግን አላውቅም ነበር።

ወለሉ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ መስመር አሰመረችልኝ። ከመስመሩ ወዲያ ማሽኑና እሷ፤ ከመስመሩ ወዲህ እኔ። "እግርሽ ይህን ካለፈ አልምርሽም" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። ቬሎዎቿን እንዳላቆሽሽባት የፈራች መሰለኝ። የጠላችኝ መሰለኝ። እንፋሎት ከፈላ ውሃ ይበልጥ ቆዳ እንደሚልጥ ያወቅሁት፣ ትልቅ ሴት ሆኜ የራሴን ማሽን ገዝቼ የራሴን አውራ ጣት ካቃጠልኩ በኋላ ነው። ያን ቀንም ቢሆን ከአፌ የወጣው ምስጋና አልነበረም።

ወደ እሷ ቤት የሄድነው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ የማውቀው እንዲህ ነበር፦ አባቴ ከሠርግ መጣ፤ እናቴ ጥርሷን ታመመች፤ አክስቴ ሰረቀችን።

አባቴ በትልቅ የጫማ መደብር ሻጭ ነበር። እንደሱ ልብስ የሚያምርበት ሰው አላየሁም። ድምፁ ማር ነው። ደንበኛ ፊት ተንበርክኮ ጫማ ማልበስ ስለለመደ የእኔንም ጫማ ሲያስር ይንበረከክልኛል፤ "እመቤቴ፣ አልጠበበዎትም?" ይለኛል። ከዚያ በላይ ክብር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። የዚያን ቀን ክሬም ቀለም ያለው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ነበር። መኝታ ቤት ሆኜ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁና ወጣሁ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አፏ ይደማል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ይዟታል።

"እማዬን ጥርሷን አሟት ነው" አለኝ በዚያው በሚጣፍጥ ድምፁ። ወደ እሷ ዞሮም፣ "አይደል?" አላት።

እናቴ አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔም አመንኩ። ለምን አላምን? ጥርስ ያማል፤ የእኔም ሲወልቅ ደምቷል።

ጎረቤት ይጥራት ማን ይጥራት አላውቅም፣ አክስቴ በሩን በርግዳ ገባች። እኔ ብናገረው የምቆነጠጥበትን ስድብ አባቴ ላይ አወረደችበት። ፎጣ አንሥታ እናቴ አፍ ላይ አደረገች፣ በክንዷ ይዛ አስነሣቻት፣ እኔን እንደ ጥቅል ልብስ በብብቷ ያዘችኝ። አባቴ አልጮኸም። የወደቀውን ወንበር አንሥቶ ተቀመጠና፣ "እቴቴ፣ ነገር አታካብጂ እንጂ" አላት። ከሁለቱ ማን ጨዋ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር።

አክስቴ ቤት በሩ ሁሌ ይቆለፋል። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። እስረኞች ነን ብዬ ደመደምኩ። እናቴ በዚያ ሙቀት ሻሽ እስከ አገጯ ተጠቅልላ ትውላለች። ጥርሷ አልድን አለ።

"ለምን ሐኪም ቤት አትወስጃትም?" አልኳት አክስቴን።

"የዚህ ጥርስ መድኃኒት ሐኪም ቤት የለም።"

"ልጄን ይተዉልኝ!" አለች እናቴ ከማዶ።

ሁለቱ ዓይንና ናጫ ነበሩ። አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ማሽን ግራና ቀኝ ቆመው የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው።

"ለእናትሽ ንገሪያት፣ ውሃውን ገንዳው ውስጥ ትሙላ፣ ወለሌ ላይ አይደለም።"

"ለአክስትሽ ንገሪያቸው፣ ዓይን አለኝ በያቸው።"

"ዓይን ቢኖርሽማ ባል ስትመርጪ ታዪበት ነበር፣ በያት።"

እኔ አንዱንም ሳላደርስ መልሱ ይመጣል። እናቴ አክስቴን "እርስዎ" እያለች ነው የምትሰድባት፤ አክብሮቱ ከስድቡ ይብስ ነበር። አክስቴ ደግሞ በተጣሉ ቁጥር፣ "አታግቢው ብዬሽ ነበር፤ ደጅሽ ድረስ መጥቼ ነግሬሽ ነበር" ትላለች። "ለወንድሜ አትመጥንም ብለው ነዋ፣ ድሃ ናት ብለው ነዋ" ትላታለች እናቴ። እኔም ከእናቴ ጋር ነበርኩ። አክስቴ ስለናቀቻት ጋብቻውን ልታፈርስ ሞከረች፤ ያኔ አልሆን ሲላት አሁን ሰረቀችን። አንዲት ሴት የገዛ ወንድሟን ጠባይ አውቃ ሌላዋን ሴት "ሽሺ" ልትላት ትችላለች የሚል ሐሳብ በልጅ ጭንቅላት አይገባም። በእናቴም ጭንቅላት ገና አልገባም ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ በካውያ ተጣሉ። እንፋሎት ሽብሽብ ያጠፋል እንጂ ቀጥ ያለ የሱሪ መስመር አያወጣም፤ ለእሱ ካውያ ይሻላል። እናቴ ይህንኑ ተናገረች፣ እውነቷንም ነበር። አክስቴ የቱቦውን አፍ መስቀያው ላይ ሰቀለችና በእኔ በኩል መናገሩን ረስታ ወደ እሷ ዞረች።

"ካውያ እዚህ ቤት አይገባም። ስሙንም እንዳታነሺብኝ።"

"ምነው፣ ነካሽ ነው?" አለች እናቴ።

አክስቴ የቀኝ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። ከክርኗ በላይ፣ ቀኝ ክንዷ ላይ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ያበጠ ጠባሳ አላት። ምንድነው ብዬ ስጠይቃት "ሥራ ነው" ብላኛለች። እንፋሎቱ ያቃጠላት መስሎኝ ነበር። እንፋሎት ሹል ጫፍ የለውም።

አባቴ ግን አልረሳንም። ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ሳሙና ግዢ ተብዬ ስወጣ ጥጉ ላይ ጠበቀኝ። ተንበርክኮ ጫማዬን አሰረልኝ። ከረሜላ ሰጠኝ።

"አክስትሽ በሩን ሁሌ ትቆልፋለች?"

"ሁሌ።"

"ቁልፉስ?"

"አንገቷ ላይ።"

"ስትታጠብም?"

"ስትታጠብ መስኮቱ ደፍ ላይ ታስቀምጠዋለች" አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ። እኔም ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ቤት እንደገባሁ ለአክስቴ ነገርኳት፤ አባዬ እኮ ይናፍቀናል፣ ስለቁልፍሽ እንኳ ሳይቀር ጠየቀኝ አልኳት። በማግስቱ ቁልፍ ሠሪ መጥቶ በሩ ላይ ከውስጥ የሚዘጋ ትልቅ መቀርቀሪያ ገጠመ። ቅናት ነው አልኩ በልቤ። እሷን ማን ይናፍቃታል?

እናቴ እያገገመች ሄደች። ሻሹ ከአገጯ ወደ አንገቷ ወረደ። ስትናገር ብቻ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ጸጉሯን መቀባት፣ ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረች። "ለልጅ አባት ያስፈልጋታል" ትለኛለች፣ እኔ ምንም ሳልላት። አክስቴ ይህን ስትሰማ ማሽኑን ትለኩሳለች፤ ክፍሉ በእንፋሎትና በጩኸቱ ይሞላና ወሬው ይቋረጣል።

ከዚያ የአባቴ አጎት መጡ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አሁንም መሪ የያዙ ይመስል ጠርዙን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው የሚያወሩት። በቤተሰቡ ውስጥ እሳቸው ከተናገሩ ወዲያ የሚናገር የለም። አባቴ የመደብሩ ኃላፊ ሊሆን እንደሆነ አወሩ። ግብዣው ነገ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጥሪው ከነቤተሰብ ነው።

"ልጁ ተጸጽቷል" አሉ። "ነገ ይዤው እመጣለሁ። እዚሁ ትታረቃላችሁ፣ እዚሁ ልብሱን ይለብሳል፣ ሦስታችሁም ወደ ግብዣው፤ ከግብዣው በቀጥታ ወደ ቤታችሁ።" ለአክስቴም አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አቀበሏት። "ይሄን ደግሞ አንቺ ታውቂበታለሽ።"

ክሬሙ ሙሉ ልብስ ነበር። ያን እሑድ ከተወረወረበት ተነሥቶ እንደተጨማደደ መጥቷል። አባቴ ልብሱን የሚያቃናለት ከእህቱ ሌላ ሰው ኖሮት አያውቅም፤ እድፍ ይኑረው አይኑረውም አይቶ አያውቅም።

እሳቸው እንደወጡ እናቴ ኮቱን ራሷ ሰቀለችው። ፊቷ በርቷል። እኔ ከመስመሩ ወዲህ ሆኜ በአንድ እግሬ እዘላለሁ፤ ነገ ቤታችን ነን፣ ነገ አልጋዬ ላይ ነኝ። አክስቴ እንደ ሕጓ ኮቱን ወደ መስኮቱ አዞረች። ኮሌታውን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ ኪሱን ዳበሰች። የግራ እጅጌውን በጣቷ ተከተለች። የቀኝ እጅጌው ጫፍ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

በሽብሽቡ መሐል የአተር ፍሬ የሚያህሉ፣ የዛገ ሚስማር የነካው የሚመስሉ ነጠብጣቦች ነበሩ። ሁለቱም ሴቶች አዩአቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አብረው ሲያዩ ያየሁት ያኔ ነው።

እናቴ ወደ ጓዳ ሮጠች። በሳፋ ቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና ይዛ ተመለሰች።

"ይስጡኝ፣ ልጠበው።"

"አንቺ ነሽ የምታጥቢው?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ። የእኔ ነው።"

"ያንቺማ ነው" አለች አክስቴ። "ማን የኔ ነው አለ?"

ኮቱ የአባቴ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ምን እንደሚናጠቁ አልገባኝም።

አክስቴ ማሽኑን ለኮሰችው። አጉረመረመ፣ አሳለ፣ ውሃ ተፋ። ጠበቀችው። እናቴ ሳፋውን ይዛ ቆማለች፤ ውሃው እግሯ ላይ ይፈሳል። እንፋሎቱ ሲጠራ እናቴ ነገሩ ገባት፣ ሳፋውን ጥላ እጅጌውን ያዘች።

"እባክዎን! እድፉ ሳይታጠብ! ራስዎ ነዎት እንዲህ አይደረግም ያሉት!"

"ልቀቂ፣ ያቃጥልሻል።"

"እትዬ፣ በልጄ ይዤዎታለሁ! ነገ ቤቴ ልገባ ነው!"

"ልቀቂ አልኩሽ!"

እናቴ ለቀቀች። አክስቴ ያን ኮት እንዴት እንዳደረገችው ልንገራችሁ፦ ከትከሻው ጀምራ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ፣ አንድ ሽብሽብ ሳታስቀር፣ ገበሩን ገልብጣ፣ ኮሌታውን ዘርግታ አቃናችው። አምሮ አያውቅም እንዲህ። መጨረሻ ላይ የቀኝ እጅጌውን በግራ እጇ ወጠረችና የማሽኑን አፍ ነጠብጣቦቹ ላይ አስጠጋች። በውጪ፣ ቀጥሎ በውስጥ፣ እንደገና በውጪ። እጇ አልተንቀሳቀሰም። የዛገው ቀለም ጠቆረ፤ ቡናማ ሆኖ ጨርቁ ውስጥ ሰመጠ።

"አበላሸሽው!" ብላ ጮኸች እናቴ። "እርስዎ" ማለቷን ያን ቀን ተወችው። "አንቺ ክፉ፣ አበላሸሽው!"

"አበላሸሁት" አለች አክስቴና ማሽኑን አጠፋች።

እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። ሕጉን እኮ በቃሌ አውቀዋለሁ! አውቃ ነው፣ ሆን ብላ ነው፣ አባቴ አለቃ ሊሆን ስለሆነ ቀንታ ነው። እድፍ ስለማጋገር የማውቀውን ያህል ስለሰው ባውቅ ኖሮ ሌላ ነገር አስብ ነበር።

በማግስቱ መጡ። አባቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ። እንደገባ ተንበርክኮ የጫማዬን ክር አሰረልኝ፤ ክሩ ግን አልተፈታም ነበር። እናቴ በሩ አጠገብ ባስቀመጠችው ሻንጣ ጎን ተቀምጣለች። አክስቴ አልተቀመጠችም፤ ማሽኗ አጠገብ ክንዷን አጣምራ ቆማለች። አጎትየው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"እግርና እግር እንኳ ይጋጫል" አሉ። "ትንሽ ተጋጫችሁ፤ ቤት ያለ ነገር ነው። የእሱንም ጥፋት እሱ ያውቀዋል፣ ያንቺንም አንቺ። ልጅቷ መሐል ቤት መንገላታት የለባትም። በል፣ ልብስህን ልበስና እንሂድ፤ ሰዓቱ ደርሷል።"

አክስቴ ኮቱን ከነመስቀያው አምጥታ አባቴ ፊት ያዘችለት። የቀኝ እጅጌው ወደ ፊት ነው። አባቴ ፈገግ እንዳለ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ አየው።

"ምንድነው ይሄ?"

"አንተ ንገረኛ።"

"የጫማ ቀለም ነው" አለ ቶሎ ብሎ። "ሱቅ ውስጥ የነካኝ።"

"የጫማ ቀለም ከሆነ ልበሰው።"

"ትንሽ ናት፣ ማን ያያታል፣ ልበሳትና እንሂድ" አሉ አጎትየው።

አባቴ የግራ እጁን አስገባ። የቀኙን ሊያስገባ እጅጌውን ያዘና ቆመ፤ ጣቶቹ ነጠብጣቦቹን እንዳይነኩ ጨርቁን በሁለት ጣት ጫፍ ብቻ ነበር የያዘው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለው።

"አልለብስም! አበላሽታዋለች! ሆን ብላ ነው ጋሼ፣ ድሮም አትወደኝም። ትዳሬን ልታፈርስ ነው!"

አጎትየው ወደ አክስቴ ዞሩ። "ምን ሆነሽ ነው አንቺ? የወንድምሽን ጎጆ እንደዚህ የምትጠዪው ምን በድሎሽ ነው?" አክስቴ ከንፈሯን ነክሳ እናቴን ብቻ ታያለች። እናቴ አላየቻትም። "ኮት ቢበላሽ ኮት ነው" አሉ አጎትየው፤ "ተነሺ ልጄ፣ በሸሚዙ ይሄዳል።" እናቴ ተነሣች። ሻንጣውን አነሣች። አንድ እግሯን ወደ በሩ አነሣች።

አለቀ። ወደ ቤታችን ልንሄድ ነው። እኔ ግን አባቴ ያለ ኮት፣ ተዋርዶ፣ በሸሚዝ ብቻ ወደ ግብዣው መሄዱ አንጀቴን በላው። ሁሉም ቀላል ነገር አክብደዋል፤ የጫማ ቀለም ይላል፣ አበላሸችው ይላል፣ ያን እሑድ አይቻለሁና እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ኮቱን ከወንበሩ አንሥቼ እየጎተትኩ ወሰድኩለት።

"አባዬ ልበሰው፣ ቆሻሻ አይደለም እኮ! የእማዬ ጥርስ ነው!"

"ምን ልጄ?" አሉ አጎትየው።

"የእማዬ ጥርስ ነዋ። ያን ቀን ጥርሷን ሲያማት፣ አባዬ በዚህ እጁ ሲይዝላት ደም ነካው። የጫማ ቀለም አይደለም።"

ደስ አለኝ። ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ዝም ብለው ሲያዳምጡኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

"እንዴት አድርጎ ነው የያዘላት?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"እንዲህ" አልኩና አሳየኋቸው። በግራ እጄ የራሴን ጸጉር ከኋላ ያዝኩ። የቀኝ እጄን ጣቶች ጨበጥኩና አፌ ላይ አደረግኩ።

አጎትየው እናቴን አዩአት። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ ለእኔም፣ ለጎረቤትም፣ ለራሷም ጥርሴን ነው ስትል የኖረች ሴት፣ እጅጌውን አየች። እኔን አየች፤ ጭብጤ ገና አፌ ላይ ነበር። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። ሻንጣውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አቀፈችው።

"አልሄድም" አለች። እጇን አፏ ላይ ማድረግ ረስታ ስለነበር የጎደለው ጥርሷ ታየ።

አጎትየው ባርኔጣቸውን አደረጉ። "ተነስ" አሉት አባቴን። እኔ የተቆጡት አክስቴን መሰለኝ፤ ቤቷን ጥለው እየወጡ መሰለኝ። አባቴ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። ማር የነበረው ድምፁ የት እንደገባ አላውቅም።

"ያኔ ካውያው አልበቃሽም ነበር ማለት ነው" አላት እህቱን።

አክስቴ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ሸፈነች። አጎትየው ቆመው ሁለቱንም አዩአቸው፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የአባቴ ስም በእሳቸው አፍ ሲነሣ አልሰማሁም። እኔ ግን ያን ቀን የገባኝ ሌላ ነበር። አባቴ የእናቴን የካውያ ጥያቄ ከየት ሰማ ብዬ ገረመኝ። ለካ እሱም ከእናቴ ጋር ነው፣ ለካ ሁሉም ካውያ ይሻላል የሚሉት አክስቴን ነው አልኩ።

ከወጡ በኋላ አክስቴ መቀርቀሪያውን ዘጋች። ማሽኑን ለኮሰች፤ ለማግስቱ የሚደርስ ቬሎ ነበራት። የቱቦውን አፍ አንሥታ አስጠጋች፣ ሳይጠራ፣ ገና እያሳለ። ማሽኑ ውሃውን የቬሎው ሐር ላይ ተፋ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያየኋት ብቸኛ ስሕተቷ ነው። እኔ ላይ ዞረች። ሳላውቀው እግሬ የጠመኔውን መስመር አልፎ ነበር።

"ምን ታፈጪያለሽ? ከመስመሩ ውጪ!"

በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም።

እዚያው ኖርን። እናቴ ሥራውን ከአክስቴ ተማረች። ሁለቱ በአንድ ማሽን ግራና ቀኝ ቆመው፣ እየተሰዳደቡ፣ የስንቱን ሠርግ ልብስ አቃኑ። ታረቁ የሚል ሰው ካለ ያላያቸው ነው። እናቴ "አመሰግናለሁ" አላለቻትም፤ አክስቴም ብትባል ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር እንጃ፣ ምናልባት ውሃ ትደፋባት ነበር። "እርስዎ" ግን በማግስቱ ተመለሰ።

ክሬሙን ኮት አክስቴ አልጣለችውም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከልብሱ ሁሉ ኋላ፣ ተሰቅሎ ቀረ። አባቴ በየጊዜው ሰው ይልካል። ታምሜያለሁ ይላል፤ መጠጥ ትቻለሁ ይላል፤ ተለውጫለሁ፣ ቤቱ ባዶ ነው ይላል። መልእክት በመጣ ቁጥር እናቴ ትነሣለች፣ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ ቁም ሣጥኑን ትከፍታለች። አክስቴ ይህን ስታይ ማሽኑን ታጠፋለች። ሁለታችንም ጆሯችንን እናቆማለን። አባቴን ናፍቃ ልብሱን ልታሸት የምትገባ ይመስለኝ ነበር፤ እኔም አብሬያት እናፍቅ ነበር።

ልቤ እየበሰለ ሲሄድ አንድ ቀን ተከትያት ገብቼ ከበሩ ኋላ አየኋት። ልብሶቹን ወዲያና ወዲህ ገፍታ የኮቱን ቀኝ እጅጌ ሳበች። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፣ ልክ አክስቴ እንደምታደርገው። አውራ ጣቷን ነጠብጣቦቹ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ምላሷ ጥርሷ የጎደለበት ቦታ ላይ ነበር።

"ያቺ ክፉ" አለች ለብቻዋ። "አበላሸችው እኮ።"

ቁም ሣጥኑን ዘጋች። ፊቷን አባብሳ ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣችና ቦታዋ ላይ ቆመች።

"ለአክስትሽ ንገሪያቸው" አለችኝ፣ አክስቴ እዚያው ፊት ለፊቷ ቆማ ሳለ፤ "ማሽኑን ምን አስጠፋቸው? ሥራ አለን በያቸው።"